መጽሐፉን ከዘጉ በኋላ

ጫኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጋሞ ደጋና በአባያ ሐይቅ መካከል ያለ የሙዝ አገር ነው። ከሐሬ ወንዝ የተጠለፈው ውኃ በየቦዩ ወርዶ ማሳውን ያጠጣል፤ የደረሰው ሙዝ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። መጽሐፍ ደግሞ በዚያው መንገድ ከአዲስ አበባ ይመጣል። የዚህ ምልልስ ተናጋሪዎች ሁለት የጫኖ አንባቢዎች ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ በልጅነቷ የእሳቸው ተማሪ የነበረች፣ ዛሬ በሙዝ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በሒሳብ ሠራተኛነት የምታገለግል ወጣት ናት። ሁለቱም መጽሐፍ ይወዳሉ፤ መጽሐፍ ለምን እንደሚነበብ ግን አይስማሙም።

አንባቢዋ፦ ጋሼ፣ ተማሪ ሳለን «ሂዱና ለየብቻችሁ አንብቡ» ይሉን ነበር። ዛሬም ንባብ የብቻ ነው ብለው ያምናሉ?

መምህሩ፦ አምናለሁ ልጄ። ምክንያቴን ስሚኝ። እኔ ያደግሁት ደጋ፣ ጨንቻ አካባቢ ነው። እንደምታውቂው የጋሞ ሰው ጉዳዩን የሚጨርሰው ዱቡሻ ላይ ነው። የመሬቱም፣ የጠቡም፣ የዕርቁም ነገር እዚያ ይወጣል። ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፤ ሰው በየተራው ይናገራል፤ ስምምነት እስኪገኝ ምክሩ ይቀጥላል። በዚህ ሥርዓት እኮራለሁ። ነገር ግን ዱቡሻ ላይ የሚነሣ ነገር አለ፤ የማይነሣም አለ። እኔ የማይነሣውን ያየሁት በመጽሐፍ ነው። ያየሁትም ብቻዬን ሆኜ ስላነበብሁ ነው።

አንባቢዋ፦ የማይነሣው ነገር ምን ነበር?

መምህሩ፦ የትውልድ ነገር። ሸክላ የሚሠሩት ማናዎችና ቆዳ የሚያለፉት ደጋላዎች ከሌላው ሰው ጋር እኩል የማይቀመጡበት፣ የማይጋቡበት ዘመን ነበር። ልጅ ሳለሁ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን አገኘሁ። ታሪኩ የጎጃም ነው። በዛብህ የድኻ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ልጁ ቢማር፣ ምግባሩ ቢያምር፣ ትውልዱ አይመጥናትም። እኔ ያኔ ጎጃምን ረግጬው አላውቅም፤ የበዛብህን ማንኩሳ የፈለግሁት በካርታ ነው። መጽሐፉን ስዘጋው ግን ልቤ የሄደው ወደ ማንኩሳ አልነበረም። ከቤታችን ዝቅ ብለው ይኖሩ ወደነበሩት ሸክላ ሠሪዎች ሄደ። በየገበያው ቀን በደጃቸው አልፌ ነበር፤ አንድም ጊዜ ገብቼ አላውቅም።

አንባቢዋ፦ ይህን ያን ጊዜ ለማን ነገሩ?

መምህሩ፦ ለማንም አልነገርሁም። ለማን ይነገራል? አንድ ሰው ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ አገሩን የሚመረምርበት መንገድ ይህ ነው። ማንም አያጣድፈውም፤ ማንም «ተስማማ» አይለውም። ጉዱ ካሳን አስቢው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የወረሰውን ሥርዓት ሁሉ ይጠይቃል፤ ስለጠየቀም አገሩ እብድ ይለዋል። እኔ ጉዱ ካሳን በአደባባይ ባገኘው ከሌሎቹ ጋር አብሬ እስቅበት ነበር። ብቻዬን ሆኜ ስላገኘሁት አዳመጥሁት።

አንባቢዋ፦ እዚህ ላይ ነው የምለይዎ። እናቴን ያውቋታል፤ ፊደል አልቆጠረችም። ፍቅር እስከ መቃብርን ግን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምታዋለች። ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ የሄደችበትን፣ ደርሳም በሞት አፋፍ ላይ ያገኘችበትን፣ በመጨረሻም የመነኮሰችበትን ሁሉ ከእናቴ ነው አስቀድሜ የሰማሁት። መጽሐፉን በእጄ የያዝሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያ ድርሰት የአገር ሁሉ የሆነው በአንባቢ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የወጋየሁ ድምፅ ፊደል ወዳልደረሰበት ቤት ስላስገባው ጭምር ነው። እናቴ አላነበበችም ልንላት እንችላለን?

መምህሩ፦ ሰምታለች እላለሁ። ወጋየሁ ታላቅ ተዋናይ ነበር፤ ድምፁ ገጸ ባሕርያቱን በሬዲዮው ውስጥ ያቆማቸው ነበር። ግን ድምፅ አይጠብቅሽም፤ ያልፋል። ስለ ሰብለ ወንጌል ያለቀሰ ብዙ ነው። ጉዱ ካሳ ያነሣውን ክርክር ደግሞ ደጋግሞ ያብሰለሰለ ስንት ነው? መጽሐፍ ሲሆን ገጹ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ ትከራከሪያለሽ።

አንባቢዋ፦ ትክክል ነው፤ ሬዲዮ አይቆምም። ነገር ግን ሬዲዮው ሲዘጋ ሴቶቹ ቡና ላይ ይጀምራሉ። እናቴ እንደምትለው ከጎረቤቶቿ አንዳንዶቹ ለፊታውራሪ መሸሻ ይፈርዱ ነበር፤ «አባት ነው፣ ልጁን ለማይመጥናት መስጠት አለበት ወይ?» እያሉ። ሌሎቹ ይቆጡ ነበር። እናቴ ራሷ ወላጆቿ በመረጡላት የተዳረች ሴት ናት። ስለ ራሷ ጋብቻ አፍ አውጥታ የተናገረችው ያኔ ነበር፤ በሰብለ ወንጌል አስታካ። እርስዎ ገጹ ላይ ቆመው ብቻዎን ያሰቡትን እሷ ከሰው ጋር አሰበችው። እንዲያውም ተናገረችው። እርስዎ ግን ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ለማንም አልነገሩም።

መምህሩ፦ ለረጅም ጊዜ አልነገርሁም። ቆይቶ አስተማሪ ስሆን ክፍል ውስጥ ተናግሬዋለሁ፤ አንቺም ሰምተሻል።

አንባቢዋ፦ ሰምቻለሁ። እኔ ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የተማርሁት። ይህን ነገር ባነሡበት ቀን ልጅቷ ቀና ብላ ስታይዎ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ነው የምጠይቅዎ። መጽሐፉ ሥራውን የሠራው እርስዎ ብቻዎን ባነበቡበት ሌሊት ነው ወይስ በዚያ ቀን ክፍል ውስጥ?

መምህሩ፦ ያ ሌሊት ባይኖር ያ ቀን አይኖርም ነበር። ግን ጥያቄሽን አልሸሽም። ከያዝሁት አቋም ጀርባ ደግሞ ዘመኑ አለ። የእኔ ትውልድ ብቻውን ማንበብን የተማረው ወዶ ብቻ አይደለም። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። የደርግን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ያየ ሰው ስለነበር የዘመቻውን ገመና ጻፈው። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያን መጽሐፍ የምናነበው በጋዜጣ ሸፍነን ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ስለ መጽሐፍ ማውራት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ሰው ያነበበውን ይውጠዋል፤ ልማድ ሆኖ ይቀራል።

አንባቢዋ፦ ታዲያ ኦሮማይ እርስዎ እጅ እንዴት ደረሰ?

መምህሩ፦ ሰው ሰጠኝ። እሱም ከሌላ ሰው ነው ያገኘው። አንብቤ ሳበቃ እኔም ለማምነው ሰው ሰጠሁ።

አንባቢዋ፦ አዩ ጋሼ! ያ ሁሉ ፍርሃት እያለ እንኳን መጽሐፉ ያለፈው በመተማመን ነው። ለማይታመን ሰው አይሰጥም ነበርና ያን መጽሐፍ ያነበቡ ሁሉ ሳይተዋወቁ አንድ ማኅበር ሆነው ነበር። ነቢይ መኮንንን ደግሞ ያስቡ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። ወረቀቱ በሚፈቱ እስረኞች በኩል ጥቂት በጥቂት ወጣ፤ በኋላም ተሰብስቦ ነገም ሌላ ቀን ነው ተብሎ ታተመ። ለራሱማ በእንግሊዝኛ አንብቦታል፤ ለእሱ የሚቀረው ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ወረቀት የሞላው ሌላ ሰው እንዲያነበው ብሎ ነው።

መምህሩ፦ ነቢይን ስታነሺ ክርክሩ ይከብደኛል። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጻፈ መጽሐፍ አብዮት ለበላቸው የኢትዮጵያ ልጆች ምን ይነግራቸዋል ይባል ይሆናል። ጦርነት የሰውን ቤት እንዴት እንደሚያፈርስ፣ የቀረው ሰው ደግሞ በማግስቱ እንዴት እንደሚነሣ ይነግራቸዋል። እስረኛ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? እኔም በማንኩሳ የጨንቻን ሸክላ ሠሪ ያየሁት በዚሁ መንገድ ነው። የሩቅ አገር መጽሐፍ የራስሽን ደጅ ያሳይሻል። ይህ ከሥነ ጽሑፍ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ነው።

አንባቢዋ፦ እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሁልጊዜ የራሳችንን ደጅ በሌላ ሰው ደጅ በኩል እስከ መቼ እናየዋለን? አዲስ አበባ ስማር ሽሮ ሜዳ እሄድ ነበር። የጋሞ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ጥበብ ሲያወርድ አያለሁ፤ የአማርኛ ልቦለድ ገጸ ባሕርያት የሚለብሱት ነጠላ እንዲህ ካለ እጅ የወጣ ነው። እሱ ራሱ ግን በልቦለዱ ውስጥ ባለታሪክ ሆኖ አልገጠመኝም። ፍቅረ ማርቆስ ደስታ ከቡስካ በስተጀርባን ሲጽፍ የሐመር ሰዎችን ለአማርኛ አንባቢ አስተዋውቋል፤ ደቡብ ኦሞ ጎረቤታችን ናትና ደስ ብሎኝ አንብቤዋለሁ። ስለ እኛ ስፈልግ ግን ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው።

መምህሩ፦ ምን አገኘሽ?

አንባቢዋ፦ ኦቾሎን ያውቋታል፤ ከላንቴ በላይ ገደል አናት ላይ ያለችውን። ከዚህ ሩቅ አይደለችም። ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት የኦቾሎን ጉባኤዎች አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አውጥቷል። ሰዎች ተሰብስበው ስለ ጋራ ጉዳያቸው እንዴት እንደሚወስኑ ለማወቅ ከፓሪስ ድረስ እዚህ ገደል ላይ ወጥቷል። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ነው። ዲታን ይመሩ ስለነበሩት ሴት፣ ስለ ጭማቴ ጩምባሎ ደግሞ ጁዲት ኦልምስቴድ የምትባል አሜሪካዊት ጽፋለች፤ በ1997 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታተመ። ወንድ በሚናገርበት አደባባይ የመሪነት ቦታ የያዙ የጋሞ ሴት! የዲታ ልጃገረድ የእኚህን ሴት ታሪክ በአማርኛም ሆነ በጋሞኛ ከመጽሐፍ መደርደሪያ አንሥታ ማንበብ ይገባት ነበር። ጸሐፊዎቹን አመሰግናለሁ፤ ባይጽፉት ይጠፋ ነበር። ግን የእኛ ጉዳይ ሆኖ እኛ ሳንወያይበት መቅረቱ ያሳዝነኛል።

መምህሩ፦ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ ትያለሽ? እኔ አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው፤ እንጀራዬ አማርኛ ነው። አማርኛ ሀዲስ ዓለማየሁን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን፣ ከበደ ሚካኤልን ሰጥቶኛል፤ ከጎጃሜውም ከሐረሬውም ጋር አነጋግሮኛል። ይህን የሚያስተወኝ የለም። ልጆቻችን ዛሬ በታችኛው ክፍል በጋሞኛ ይማራሉ። ከትምህርት መጽሐፋቸውና ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ ደስ ብሏቸው የሚያነቡት የጋሞኛ ታሪክ ግን በእጃቸው አይገባም። ማንበብን በአንድ ቋንቋ ለምደው የሚነበበውን በሌላ ቋንቋ ይፈልጋሉ።

አንባቢዋ፦ በሁለቱም ይጻፍ እላለሁ። ነገር ግን በምንም ቋንቋ ቢሆን ሰው ካልመከረበት መጽሐፉ ሰው አያገኝም። «ወጋጎዳ»ን እርስዎ ከእኔ በላይ ያስታውሱታል።

መምህሩ፦ እንዴት አላስታውስም? በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አንድ ላይ አድርጎ መማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ፤ የሐሳቡ መነሻ ወጪ መቀነስ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ግን የእኔ ነው አላለውም። ወላይታ ሶዶ ላይ የሰው ሕይወት እስከማጥፋት የደረሰ ተቃውሞ ተነሣ፤ መጻሕፍቱም ከየትምህርት ቤቱ ተሰበሰቡ። ብዙ ወረቀት፣ ብዙ ቀለም፣ ብዙ ድካም ነበረበት። ከሁሉ የከፋው የሰው ሕይወት ነው።

አንባቢዋ፦ ስለዚህ መጽሐፍ በትእዛዝ አይሰጥም። ሰው ይወያይበታል፣ ይቀበለዋል፣ ከዚያ የራሱ ይሆናል። ዱቡሻ የማይደርስበት ጉዳይ አለ አሉኝ፤ እውነት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ያልተወያየበት መጽሐፍ አገር አይለውጥም እላለሁ።

መምህሩ፦ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጫኖ ላይ አንድ ልቦለድ ይጻፍ ቢባል ስለ ምን እንዲጻፍ ትፈልጊያለሽ?

አንባቢዋ፦ ስለ መስከረም 2011 ዓ.ም.። በቡራዩ የጋሞ ልጆች መገደላቸው ሲሰማ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። የሚበቀሉበትን ፈለጉ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ቆሙ፤ በቀሉ ሳይፈጸም ቀረ። ፎቶውን አገር ሁሉ አይቶታል፤ አባቶቹም ተመስግነዋል። እኔ ግን ፎቶው የማይነግረኝን ነው የምፈልገው። የተንበረከከው አባት የሞተበት ዘመድ ነበረው ወይ? ሌሊቱን እንዴት አደረ? ድንጋይ ይዞ የወጣው ልጅ ሣሩን ሲያይ በልቡ ምን አለ? ወደ ቤቱ ሲመለስ ቁጣው የት ገባ? የሟች እናት ስለዚያ ተንበርካኪ ምን ታስባለች?

መምህሩ፦ የጠየቅሽው ሁሉ እኮ የብቻ ነገር ነው ልጄ። የአባቱ ሌሊት፣ የልጁ ልብ፣ የእናቲቱ ሐሳብ። ዱቡሻ ሰው የተናገረውን ይሰማል። ልቦለድ ሰው ያልተናገረውን ይሰማል።

አንባቢዋ፦ እውነት ነው። ያልተናገረውን ከሰማን በኋላ ግን ልንነጋገርበት ይገባል። የዚያን እናት ሐሳብ ያነበበ ሰው በሚቀጥለው ጉባኤ ሲቀመጥ ከፊቱ ያለውን ሰው በሌላ ዓይን ያየዋል። ምናልባት ሴት ትናገር ይላል። ምናልባት ሸክላ ሠሪው ወደ ፊት ይምጣ ይላል።

መምህሩ፦ እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ይግጠም። መጀመሪያ ብቻ ይነበብ፤ ሰው የራሱን ፍርድ ሳይዝ ጉባኤ ከገባ የሌላውን ቃል ይደግማልና። ቀጥሎ አብሮ ይወራ፤ ፍርዱን በልቡ ቀብሮ የያዘ ሰው ለማንም አይጠቅምምና። ለተማሪዎቼ የመጀመሪያውን አስተምሬያለሁ። ሁለተኛው እንዲቀጥል ደግሞ ዛሬም ዕድሜ አለኝ።

አንባቢዋ፦ እኔም የምቀበለው ይህን ነው። ግን በምክር ብቻ እንዳይቀር። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል፤ ለዋና ከተማዋ ይገባታል። ጫኖ ግን ሕንፃ እስኪሠራለት ንባቡን ማቆየት የለበትም። እዚህ ሠፊ የማንጎ ጥላ አለ፤ መነጋገር የለመደ ሕዝብ አለ፤ ማንበብ የሚችል ልጅ በየቤቱ አለ። የሚጎድለን መጽሐፉና የምንሰበሰብበት ቀን ነው። በወር አንድ ቀን አንድ መጽሐፍ ይዘን ብንቀመጥ፣ አንዱ ቢያነብ፣ ያልተማሩት ቢሰሙ፣ ሁሉም ቢፈርድ እኮ ነው።

መምህሩ፦ መጽሐፉ ከእኔ። ሰው መጥራቱ ከአንቺ። ሲመጡ እናትሽን ከፊት አስቀምጫቸው፤ ስለ ሰብለ ወንጌል የሚሉትን እኔም ልስማ። ሸክላ ሠሪዎቹንም ጥሪ፤ ስለ እነሱ ለዓመታት ብቻዬን አስቤያለሁ፤ አሁን እነሱ ይንገሩኝ።

አንባቢዋ፦ እጠራለሁ ጋሼ። ይህን ምልልስ ለሚያነቡትም አንድ ቃል አለኝ። ፈረንሳይኛ የምታውቁ የኦቾሎን መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ የምታውቁ የጭማቴን መጽሐፍ ወደ አማርኛና ወደ ጋሞኛ መልሱልን። መጻፍ የምትችሉ የጋሞ ልጆች የአባቶቹ ምስክሮች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ አንብባችሁ የዘጋችሁትን መጽሐፍ ነገ ማንበብ ለማይችል አንድ ሰው ንገሩት፤ የሚላችሁንም አዳምጡ።